የእትዬ አንጓች ሌላው ዓይን

ባለፈው ጳጉሜ ከገበያ ስመለስ አንዲት ሴት አፈሩ ያልረገፈ እንሶስላ ማዳበሪያ ላይ ዘርግታ ስትሸጥ አየሁና ሳላስበው አንድ እስር ገዛሁ። በዚህ ዕድሜዬ ማን ሊያየኝ ነው እንሶስላ የምሞቀው እያልሁ በራሴ እየሳቅሁ ቤት ገባሁ፤ ግን አንዱን ሥር በጥፍሬ ሰበር ሳደርገው ያ የእርጥብ አፈር ሽታው አፍንጫዬን ሞላው፣ ቀዩ ውሃም ጥፍሬ ሥር ገባ፣ እኔም ዘንቢሌን ሳላራግፍ ቁጭ አልሁ። ሌላው ሰው የእጅ ጌጥ ይለዋል፤ ለእኔ ግን የስዕል ቀለም ነው፤ በጃንሆይ ዘመን፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ሞጣ ላይ ያሳለፍሁት የአንድ ክረምት ቀለም።

የተወለድሁት ቢቸና ነው። እናቴ ከሞተች በኋላ አስተማሪው አባቴ ወደ ሞጣ ተዛወረና እዚያው እትዬ አንጓች የሚባሉ ሴት አገባ፤ እኔ ግን አንድ ዓመት ያህል ቢቸና አክስቴ ዘንድ ቆየሁ። በሰኔ መጨረሻ፣ ጭቃው መንገዱን ሳይዘጋው፣ ከሁለት በግና ከአንድ ጆንያ በርበሬ ጋር በጭነት መኪና ተጭኜ ሞጣ ስደርስ አባቴ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ግንባሬን ሳመኝ፣ ቤት አደረሰኝ፣ «አንጓችን እማዬ በያት፤ ደስ ይላታል» ብሎ መከረኝ፣ በማግስቱም እኔን ባመጣኝ መኪና ለአስተማሪዎች የክረምት ኮርስ አዲስ አበባ ሄደ። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። እስከ መስቀል ድረስ በዚያ ቤት ውስጥ የቀረነው የማንተዋወቅ ሁለት ሰዎች ነበርን።

እትዬ አንጓች ረጅም፣ ዝምተኛ፣ አንገታቸው ላይ ንቅሳት ያላቸው ሴት ነበሩ። የመርጡለ ማርያም ቄስ ልጅ ናቸው፤ የፊተኛው ትዳራቸው ልጅ አልወለዱም ተብሎ እንደ ፈረሰ የሰማሁት ከፍ ካልሁ በኋላ ነው። ሐሰት አልናገርም፣ አንድም ቀን ክፉ አልተናገሩኝም፤ ከራሳቸው በፊት ያበሉኝ ነበር፣ ማታ እግሬን ያጥቡኝ ነበር፣ ብርድ ሲሆን የራሳቸውን ጋቢ ይደርቡልኝ ነበር። ግን እሳቸውም ዓይነ አፋር፣ እኔም ዓይነ አፋር። እናቴን አንቺ እል የነበርሁት ልጅ እሳቸውን አንቱ እላለሁ፤ እማዬ የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ድረስ እየመጣ ይመለስብኛል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጠው ይውላል፤ እሳቸው መስኮቱ ሥር መደብ ላይ ተቀምጠው እንዝርት ያሾራሉ፤ እኔ በሩ አጠገብ፣ በግራቸው በኩል፣ በርጩማ ላይ ኩርምት ብዬ ጉንጫቸውን እያየሁ እውላለሁ። ሐምሌና ነሐሴ እንዲህ አለፉ።

ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ፣ ሁላችንም መሪጌታ የምንላቸው አንድ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ነበሩ። ዝናቡ ሲያቆም ቤተ መቅደሱ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን ስዕል በአቡጀዴ ላይ ይሠራሉ። የሰፈሩ ልጆች ለጨዋታ ስለማይጠሩኝ እሳቸው በር ላይ መቆም አበዛሁ፤ አንድ ቀን ቀና ብለው «እጅሽን አታስገቢ እንጂ ዓይንሽን አልከለክልሽም» አሉኝና ገባሁ። የእሳቸው ቀለም በቆርቆሮ የታሸገ ዱቄት ነበር፤ የእኔን የሚሰጠኝ ግን ወራቱ ነው። በሐምሌ ከባቄላ ቅጠል የሚጨመቅ አረንጓዴና ከድስት ቂጥ የሚፋቅ ጥላሸት ብቻ ነበረኝ፤ በነሐሴ እንሶስላው ደረሰልኝና ቀይ አገኘሁ፤ ጳጉሜ ሲገባ አደይ አበባው ቢጫውን ጨመረልኝ። ሰማያዊውን ከአባቴ የቀለም ብልቃጥ እየሰረቅሁ በውሃ እሞላው ነበር። ቀለሙ ወረቀት እንዲይዝ የእንቁላል አስኳል ያስፈልጋልና እንቁላሏን ስለምሰርቅ የቤታችን ዶሮ በእኔ ምክንያት ስሟ ጠፋ፤ እትዬ አንጓች ግን ሽለምጥማጥ ነው ብለው የአጥሩን ቀዳዳ ሁሉ ሲደፍኑ ድንጋይ የማቀብላቸው እኔው ነበርሁ።

በእንቁጣጣሽ ስዕል ስሎ ለጎረቤት መስጠት የወንዶች ልጆች ወግ ነው፤ ሴቶቹ አበባዮሽ እያሉ በየቤቱ ይዞራሉ። የሰፈሩ ሴቶች ልጆች ከመካከላቸው ስላላስገቡኝ እኔ በዚያ ዓመት ወንድ ሆንሁ። ለመሪጌታ አንድ አውራ ዶሮ ሳልሁላቸው። ዋናው ግን የእትዬ አንጓች ነበር፤ ስዕሉን በሁለት እጄ ሰጥቼ «እማዬ፣ እንኳን አደረሰሽ» ልላቸው ቆርጬ ነበር። እማዬም፣ አንቺም በአንድ ጊዜ። ዶሮዋን አስቀምጬ ስንት ቀን ተለማመድሁ! ስዕሉን ሳምንት ሙሉ ሠራሁት፤ እንደማያቸው አድርጌ፣ በመስኮቱ ብርሃን፣ አፍንጫቸውን፣ የንቅሳቱን መስመር አንድ በአንድ፣ ከጣታቸው የሚወርደውን ፈትል ሳይቀር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሥዬአለሁ፤ እንደዚያ ሰውን የመሰለ አልወጣልኝም።

የእንቁጣጣሽ ጠዋት ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ፈገግ ብለው ወደ መስኮቱ ወሰዱት፤ ፈገግታው እዚያው ቆመ።

«ሌላው ዓይኔስ የታል?» አሉኝ።

«እሱ አይታይም» አልሁ። እውነቴን ነበር፤ ከበርጩማዬ ላይ አይታይም።

«አይፈረድብሽም፣ የኔ ልጅ» አሉ ዝግ ብለው፤ «የእንጀራ እናት ምን እንደሆነች ሰው ሁሉ ነግሮሽ ነው የመጣሽ።»

ወረቀቱን አራት አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱና ድፎውን ሊቆርሱ ዞሩ። ምን እንዳጠፋሁ አላወቅሁም። ማጥፋቴን ብቻ አወቅሁ። እማዬ የሚለውን ከድፎው ጋር ዋጥሁት።

ከዚያ ቀን በኋላ መስኮቱን ትተው ማጀት ገብተው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው መፍተል ጀመሩ። ማብላቱ አልቀረም፣ እግር ማጠቡ አልቀረም፣ ጋቢው አልቀረም። ብቻ አያዩኝም። ቤቱ ውስጥ ሁለት ሰው እያለ ብቻዬን ሆንሁ፤ ቢቸና እንዳልመለስ መንገዱ ጭቃ ነው፣ አባቴ ሩቅ ነው፣ እናቴ መቃብር ናት።

በመስከረም አጋማሽ መሪጌታ ጌታን የሚይዙትን ጭፍሮች መሳል ጀመሩ። እስከዚያ ድረስ የሳሉት ጻድቃንና መላእክትን ነበርና ሁሉም ፊት ለፊት፣ በትልልቅ ሁለት ዓይኖቻቸው የሚያዩ ናቸው። ጭፍሮቹ ግን ከጎን ነበሩ።

«መሪጌታ፣ እነዚህ ለምን አንድ ዓይን ብቻ ሆኑ?»

«ክፉዎች ናቸዋ! ምእመናን ዓይን ለዓይን እንዳይጋጠሟቸው በጎን ይሳላሉ። ይሁዳም ሰይጣንም እንዲሁ ነው። የክርስቲያን ልጅ ሆኖ ይህን የማያውቅ አለ?»

«የለም» አልሁ። እኔ ግን አላውቅም ነበር፤ ቢቸና ሳለሁ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የማየው የእናቴን ጀርባ ነበር። እትዬ አንጓች ግን የቄስ ልጅ ናቸው፤ ከነዚያ ግድግዳዎች ሥር ነው ያደጉት።

እየሮጥሁ ቤት ገባሁና ማጀቱ በር ላይ ቆምሁ። ጀርባቸውን ሰጥተው ይፈትላሉ። «ክፉ ነዎት ማለቴ አልነበረም» ልበል? ክፉ የሚለውን ቃል እኔው በአፌ ቤታቸው ውስጥ ላስገባ? አልቻልሁም። ስለዚህ እንደ ሰዓሊ አሰብሁ፤ ባለ ሁለት ዓይን አድርጌ ልስላቸው። ወረቀቱ ፊት ስቀመጥ ነው ጉዱ የገባኝ፤ ፊታቸውን ከፊት ለፊት አይቼው አላውቅም። ስንነጋገር እሳቸውም ያቀረቅራሉ፣ እኔም አቀረቅራለሁ። ሰርቄ ለማየት ሞከርሁ፤ ወዲያው ዘወር ይሉብኛል። መጨረሻ ላይ መሪጌታ ከሳሏት እመቤታችን ዓይኖቿን ተውሼ ሳልሁና ሰጠኋቸው።

«ይቺ እመቤታችን ናት» አሉ አይተው፤ «እኔ አይደለሁም።» ከዚያ ስዕሉን ተሳለሙና አልጋቸው ራስጌ በሊጥ ለጠፉት። ለዓመታት ጠዋት ጠዋት በገዛ ዶሯቸው እንቁላል ፊት ቆመው ሲጸልዩ እያየሁ ትምህርት ቤት ሄድሁ።

ስምንት ዓመት አብረን ኖርን። ደብረ ማርቆስ ስማር ስንቅ የሚያሰናዱልኝ እሳቸው ነበሩ፤ በየክረምቱ ስመለስ ዛሬ እነግራቸዋለሁ እላለሁ፣ ነገ ይሆናል፣ ነገር ደግሞ ሲቆይ ለመናገር ያሳፍራል፤ ልጅ ሆኜ አቅም አጣሁ፣ ሳድግ ደግሞ ረስተውት ይሆናል እያልሁ ራሴን ደለልሁ። እትዬ እንዳልኋቸው ቀሩ።

ሥራ ይዤ ሩቅ አገር ሳለሁ መሞታቸውን ሰምቼ ሞጣ ደረስሁ። ቀብሩ አልፎ ነበር። በዕድሜያቸው ሙሉ ፎቶ አንሺ ፊት ቆመው አያውቁም፤ ከመርጡለ ማርያም የመጡት ዘመዶች ለቅሶው ላይ የሚይዙት ምስል ቢያጡ «አንቺ ስዕል ታውቂበታለሽ አሉ፤ እባክሽ ሳዪልን» ብለው ወረቀትና እርሳስ አመጡልኝ። ጓዳ ገብቼ ጀመርሁ። ግንባራቸው፣ አፍንጫቸው፣ ንቅሳቱ፣ አንዱም ሳይጠፋኝ፣ እጄ ሳያመነታ መጣ፤ ከጎን። ሌላውን ግማሽ ፍለጋ ያን ሁሉ ዓመት በአእምሮዬ አገላበጥሁት፤ የለም። ውጭ ድንኳኑ ውስጥ ቄሶች ተቀምጠዋል፣ ያንን ወረቀት ይዤ መውጣት አልቻልሁም። ቀደድሁት።

ባዶ እጄን ወጥቼ አልቃሾቹ መካከል ገባሁ። ሁሉም እንደ ዝምድናው ይጣራል፤ እህቴ ይላል፣ አክስቴ ይላል። እኔም ደረቴን እየመታሁ «እማዬ፣ ወዴት ሄድሽ?» አልሁ። ማንም ዞር ብሎ አላየኝም፤ ልጅ እናቷን ስትጠራ ምን ይገርማል። እኔ ግን እንዲህ ስላት የመጀመሪያዬ ነበር።