በሉዊዚያና ቀን በር ላይ የቀሩት ሰው

ነገሩ የደረሰው ባለፈው ዓመት ፋሲካ ሊገባ ሲል ነው። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

የምሠራው ጋርላንድ ከተማ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ነው፤ ነርስ ኤይድ፣ ማለትም የነርስ ረዳት ነኝ። ከምንከባከባቸው ሰዎች አንዱ ሚስተር ክሎቪስ ይባላሉ። የሉዊዚያና ግዛት ሰው ናቸው፤ ኬጁን ከሚባሉት፣ ከጥንት ጀምሮ እዚያ ከሰፈሩት ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ወገን። ከምሳ በኋላ ትንሿን አኮርዲዮናቸውን ይዘው በፈረንሳይኛ ያዜማሉ። ቃሉ ባይገባኝም ቆሜ እሰማቸዋለሁ።

አንድ ቀን የመዝናኛ ኃላፊያችን «የሉዊዚያና ቀን» አዘጋጀች። አዳራሹን የሉዊዚያና ምልክት ነው በሚባለው በሚያብረቀርቅ ዶቃና በፕላስቲክ አዞ ሞላችው። ሚስተር ክሎቪስ ይህን ሲሰሙ ፂሜን ላጪኝ፣ ነጩን ሸሚዜን አልብሺኝ አሉኝ። አኮርዲዮናቸውን አሳቅፌ በዊልቸር ወሰድኳቸው።

ኃላፊዋ በር ላይ አስቆመችን።

«መልሺው። ሙዚቃ በስፒከር አለን። የሱ ዘፈን ያስተክዛል፤ ደግሞ ማንም አይገባውም።»

«ቀኑ እኮ የሳቸው ነው!» አልኳት።

«ኦኬ፣ ይሄን ያድርግና ፎቶ ይነሳ» ብላ የአዞ ኮፍያ ዘረጋችልኝ።

ሚስተር ክሎቪስ ኮፍያውን አይተው አንገታቸውን ደፉ። «ልጅ ሳለሁ ትምህርት ቤት በፈረንሳይኛ ስናገር አስተማሪዬ ክልክል ነው ብላ እጄን በማስመሪያ ትመታኝ ነበር» አሉ። «የቀረችን ይህቺ ሙዚቃ ናት።»

ሥራዬን እፈልገዋለሁ፤ ልጆች አሉኝ። ግን ዊልቸሩን ገፍቼ ገባሁና ስፒከሩን ነቀልኩት።

ሚስተር ክሎቪስ መጫወት ጀመሩ። ትንሽ ቆይቶ ከኋላ ሌላ ድምፅ ተሰማ። ሚስስ ኦዲል ናቸው፤ ሰው የማያናግሩ አሮጊት። በፈረንሳይኛ አብረው ያዜማሉ! ፈረንሳይኛ እንደሚችሉ አንዳችንም አናውቅም ነበር። ዘፈኑ ሲያልቅ ሚስተር ክሎቪስ በቋንቋቸው አንድ ነገር ጠየቋቸው፤ ሴትየዋ እያለቀሱ መለሱ። ምን ብለው እንደጠየቋቸው ሚስተር ክሎቪስ በኋላ ነገሩኝ። «የማን ልጅ ነሽ?» ነው ያልኳት፤ እኛ አገር ሰው የሚተዋወቀው እንዲህ ነው አሉኝ።

በማግስቱ ቢሮ ተጠራሁ፤ ሥርዓት ጥሰሻል ተብዬ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ኃላፊዋ ግን የሁለቱን አዛውንት ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጥፋ «ባህልን የምናከብረው እንዲህ ነው» ብላ ጻፈችበት። ስንት ሰው አመሰገናት!

የሰውን ባህል እያከበሩ ሰውየውን ከበር መመለስ ምን ይባላል? ማስጠንቀቂያውን ፈርሜ ተቀብያለሁ። አለቆቼ ኃላፊዋን ይቅርታ ጠይቂያት ሲሉኝ ግን እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም፤ አልጠይቃትምም።