ጋሽ አድማሱና የማይዘጋው መስኮት

እውነት አልመስል አለኝ። ጠዋት የጋሽ አድማሱ ልጅ ደውላ «አባዬ አረፈ» ስትለኝ «የትኛው አባትሽ?» አልኳት። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው! አንድ አባት ነው ያላት።

ለማታውቋቸው፦ ጋሽ አድማሱ የዳባት ሰው ናቸው። በደርግ ጊዜ ደባርቅ በነበረች ትንሽ የከብት በሽታ ላቦራቶሪ ውስጥ አለቃዬ ነበሩ። እኔ ገና ተመርቄ የተመደብኩ ቴክኒሻን ነበርኩ።

ከከብት አካል የተወሰደ ናሙና አቀዝቅዞ በስሱ የሚቆርጥ መሣሪያ ነበረን። የሚያቀዘቅዝልን በሲሊንደር የሚመጣ ፈሳሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ጋሽ አድማሱ ሲሊንደሩን ጥላ ውስጥ አቁመው ከግድግዳው ጋር በሰንሰለት ያስሩታል። ያለ ቆዳ ጓንት አይነኩትም። ሲከፍቱት ፊታቸውን ዞር አድርገው፣ ቀስ ብለው ነው። ከሁሉ በፊት ግን በርና መስኮቱን ወለል አድርገው ይከፍታሉ።

በደባርቅ ብርድ! ሀገሬው «ብርድ ይመታኛል» ብሎ አውቶቡስ ውስጥ እንኳ መስኮት አያስከፍትም። ስነጫነጭባቸው «ልጄ፣ ብርድ ያስልሻል፤ ይኸ ጋዝ ግን ሳያስል ነው እሚወስድ። ካየር ይከብዳል፤ ወለል ላይ ተኝቶ ነው እሚጠብቅሽ» ይሉኝ ነበር።

እኔ መች ልሰማ! አንድ ቀን ለቅሶ ሊደርሱ ዳባት ሄዱ። ከሊማሊሞ በኩል የወጣው ጉም ክፍላችን ድረስ ገባ። መስኮቱን ዘጋሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ይባስ ብዬ የበሩን ስር በጨርቅ ወተፍኩት። ሙቀቱ ደስ ሲል! ጋዙን እየለቀቅኩ ናሙና ስቆርጥ ዋልኩ። ራሴን ሲያመኝ ጉንፋን መሰለኝ። ኋላ አንድ ናሙና ወደቀብኝና ላነሳ ጎንበስ አልኩ። ቁና ቁና መተንፈስ ጀመርኩ፣ መነሳት አቃተኝ፣ ራሴን ሳትኩ።

ጋሽ አድማሱ ከለቅሶ ሲመለሱ የተዘጋውን መስኮት ከመንገድ አይተው ሮጡ። ግን ዘለው አልገቡም። መስኮቱን ከውጭ በድንጋይ ሰበሩ፣ በሩን በርግደው ከፈቱ፣ አየር እስኪገባ ጠበቁና ትንፋሻቸውን ይዘው ጎትተው አወጡኝ።

ሳሩ ላይ ዓይኔን ስገልጥ ቁጣ ነበር የጠበቅኩት። ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሱኝ። «ከነገ ጀምሮ ይኸን ልበሽና መስኮቱን ተይልኝ» አሉኝ።

ኃላፊዎች ስለ መስታወቱ ሲጠይቁ «እኔ ነኝ የሰበርኩት» አሉ፤ ስሜን አላነሱም። ውሸትም አይደል።

ዕድሜ ጠግበው፣ ልጅ ድረው፣ የልጅ ልጅ ስመው ነው የሄዱት። ከማልቀስ ይልቅ ፈገግ የምለው ለዚህ ነው።

ይህን የምጽፈው ከጎንደር ወደ ዳባት በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ነው። መስኮቴን ከፍቻለሁ። ከኋላዬ ያሉ እናት «እህቴ፣ ዝጊው፤ ብርድ ይመታናል» እያሉ ይቆጡኛል።

ጋሽ አድማሱ፣ ያን ቀን ባይደርሱልኝ እኔም የለሁ፣ ሦስቱ ልጆቼም የሉ። አመስግኜዎት አልጠገብኩም። በሰላም ይረፉ፣ አባቴ። እስካሁን ያቆየሁትን ጋቢዎን እኚህን እናት አልብሻቸዋለሁ። መስኮቱ ግን ክፍት ነው።