በእህቴ ሰርግ ባኞ የነዳሁ ዕለት

ባለፈው እሁድ፣ ጾም ሳይገባ አንድ ምሳ አብረን እንብላ ተብዬ ሳንሱሲ እህቴ አስቴር ቤት ሄጄ ነበር። ከክትፎው በኋላ ልጇ ሜሮን፣ እሷም በጥር ሙሽራ ናትና፣ የእናቷን የሰርግ ቪዲዮ ከድሮው ካሴት ወደ ፍላሽ አስገልብጣ ከፈተችልን። ትከሻው በተነፋው የእናቷ ቬሎ ስትስቅ ቆየች። ከዚያ አንድ ጎረምሳ የሞተሩን የፊት ጎማ ወደ ሰማይ አንስቶ ቴሌቪዥኑን ሞላው።

«ይሄ ሰውዬ ደግሞ አራዳ ነበር» አለች። ቀጥላ ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ እርስዎ ግን የት ነበሩ? አንድም ቦታ አላየሁዎትም እኮ። በእማዬ ሰርግ አልነበሩም እንዴ?»

ደሜ ፈላ። ይህ ሁሉ ዘመን አልፎ፣ ፀጉሬ ሸብቶ፣ አሁንም ያ ባለሞተር ሰለሞን አራዳ ሆኖ እኔ ከሰርጉ የቀረሁ ልባል? ልጅቷ አታውቅምና ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ነገሩ እንዲህ ነው።

ያኔ የምንኖረው ቀራንዮ ነበር። እኔና ጓደኛዬ ሰለሞን በሰፈሩ ስፖርት ሞተር ካላቸው ጥቂት ጎረምሶች ውስጥ ነበርን። ስፖርት ሞተር ላይ ሰው አይቀመጥም፤ ይደፋል። ደረትህ የቤንዚን ታንኩ ላይ ነው፣ ጉልበትህ ይታጠፋል፣ እግርህ ወደ ኋላ ይሰቀላል፣ ክብደትህ ሁሉ የእጅህ አንጓ ላይ ያርፋል። ወደ አስኮ ስንበር የማርሚታችን ጩኸት የሰፈሩን ውሻ ሁሉ ያስነሳ ነበር። ሰው ሲረግመን ደስ ይለናል።

ጎረቤታችን ጋሽ ደምሴ ደግሞ የረጅም ጉዞ ሞተር ነበራቸው። ሰፊና ከባድ፣ ከፊቷ ትልቅ ፓራብሬዛ የቆመባት፣ ግራና ቀኟ ሻንጣ የተንጠለጠለባት ነበረች። እሁድ እሁድ ብቻቸውን አምቦ ድረስ ደርሰው ይመለሱባታል። እኛ «ባኞ» እንላት ነበር።

ሰርጉ ሊደርስ ሲል እናታችን ደጃፉ ላይ አንሸራትቷት ወደቀችና ዳሌዋ ተሰበረ። ቅቤው ሲነጠር፣ ቆጮው ሲጋገር፣ እሷ አልጋዋ ላይ ሆና ከሽታው ብቻ ጨው አነሰው፣ እሳት በዛበት እያለች ታዝ ነበር። አንድ ቀን ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ልጄን እስከ በር እንኳ ላልሸኛት ነው። እንግዲህ መንገዱን በቪዲዮ በደንብ አንሱልኝ፤ ስትሄድ ልያት» አለችን። ሌላ የጠየቀችው ነገር አልነበረም።

የካሜራውን ሰው ከኋላዬ የምጭነው እኔ ነበርኩ፤ እሱ ግን የኔን ሞተር አይቶ ራሱን ነቀነቀ። የሰርግ አጀብ የሚሄደው በእግረኛ ፍጥነት ነው፤ እሱ ደግሞ ጀርባውን ለጀርባዬ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ሙሽራዋ መኪና አዙሮ ነው የሚቀርጸው። «በዚህ ላይ ሆኜ ብቀርጽ እናትህ የምታየው ሙሽራ ሳይሆን የመሬት መንቀጥቀጥ ነው» አለ። አስቴር ራሷ ሄዳ ጋሽ ደምሴን ለመነችልኝ። እሳቸውም ቁልፉን እየሰጡኝ፣ «እንዳትደፋባት፤ ተቀመጥባት» አሉኝ።

በሰርጉ ጠዋት ስወጣባት እጄ መሪውን ፍለጋ ወደ ፊት ሄደ፤ መሪው ግን ሆዴ አጠገብ ድረስ መጥቶ ይጠብቀኛል። እግሬም እንደ ልማዱ ወደ ኋላ ሄዶ መርገጫ አጣ። ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ፓራብሬዛው ነፋሱን ስለከለለው ፊቴን የሚነካኝ ነገር የለም። ሞተር ላይ የወጣሁ ሳይሆን ሰው ሳሎን በእንግድነት የተቀመጥኩ መሰለኝ። ሰለሞን አየኝና «ውኃው ሞቀልህ?» አለ። ጓደኞቻችን ሁሉ ሳቁ። በገዛ እህቴ ሰርግ።

ስንነሳ የሆነውን ግን እጄ እስካሁን አይረሳውም። ትንሽ ነዳጅ ስሰጣት አልዘለለችም፤ ልጅ ያዘለች ሴት እንደምትነሳው ቀስ ብላ ተነሳች። ፍሪሲዮን መያዝ ሳያስፈልገኝ በእግረኛ እርምጃ ትሄዳለች፣ ጉድጓዱ ወገቤ ድረስ አይደርስም። ቆማ ስገፋት ያስቃሰተችኝ ሞተር ከሄደች በኋላ ክብደቷ የት እንደገባ አላውቅም።

ቀራንዮ መድኃኔዓለምን አልፈን ስንወርድ ሰለሞን መጣ። በካሜራውና በሙሽራዋ መኪና መሀል ገብቶ ጎማውን አነሳ። አንዴ ቢሆን ይሁን እል ነበር። ደጋገመው። «ሙሽራዋ ጠፋችብኝ» አለ የካሜራው ሰው። ዞር ብዬ ዘወር በል ስለው እየሳቀ እጁን አውለበለበልኝ። የእናቴን ነገር ያውቃል። ከእጇ በልቶ ያደገ ልጅ ነው። ይህን ሁሉ እያወቀ እሷ ልጇን የምታይበትን መንገድ የራሱ መታያ አደረገው። የራሴ ሞተር ላይ ብሆን አሳድጄ አንገቱን እይዘው ነበር። ንዴቴ እጄ ላይ ወርዶ ሞተሯ ነጠቅ ስትል የካሜራው ሰው በጀርባው ገፋ አደረገኝ።

«ወንድሜ፣ አንተ ተናደድ። እጅህ ግን አይናደድ» አለኝ።

ያኔ ነው የሰለሞን ሞተር የማትችለው ነገር ምን እንደሆነ ትዝ ያለኝ። ቀስ ማለት አትችልም። ስለዚህ ቀነስኩ። አጀቡ ሁሉ ከኋላዬ ቀነሰ። አሁንም ቀነስኩ። የኔዋ ምንም አልመሰላት፤ የሱ ሞተር ግን እየተቆራረጠች ታስል ጀመር፣ እሱም እግሩን መሬት ለመሬት ይጎትት ጀመር፣ ሙቀቱ ጭኑን ሲያቃጥለው ይቁነጠነጣል። በመጨረሻ ሞተሩ ጠፋበትና ወደ ዳር እየገፋ ወጣ። መንገዱ ተከፈተ። አስቴር መስኮቷን ዝቅ አድርጋ ካሜራውን ቀጥ ብላ አየችና የሆነ ነገር ተናገረች።

ካሴቱ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ንዴት። ቪዲዮ ቤቱ የሰለሞንን ዝላይ እየደጋገመ አስገብቶ፣ የአስቴርን ድምፅ በዘፈን ደፍኖታል። ከንፈሯ ግን ጥርት ብሎ ይታያል። እማዬ ትራስ ተደግፋ አየቻት። «‹እማዬ፣ ሄድኩ› ነው ያለችው» አለች። «መልሱልኝ» አለች ደግሞ። እስክታርፍ ድረስ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያቺን ቦታ ታስከፍት ነበር። ሰው ሙሽራዋን ሲያይ እሷ ጣቷን ቀስራ «የሚነዳው ልጄ ነው» ትላለች። እንግዶቹ የመኪናውን ሾፌር እያዩ «ሲያምር» ይሏታል።

በዚያ ቪዲዮ ውስጥ እኔን የምታየኝ እሷ ብቻ ነበረች። እሷ ከሄደች ወዲህ የቀረው ሰለሞን ነው፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

«መልሺው» አልኳት ሜሮንን። መለሰችው። አስቴር በመስኮቱ ብቅ አለች፣ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

«ምን ይታይሻል?»

«እማዬ ናታ።»

«ይንቀጠቀጣል?»

ጠጋ ብላ አየች። «አይ፣ ምንም አይንቀጠቀጥም።»

«እሱ እኔ ነኝ» አልኳት።