ዓይኗን ብቻ ይተዉልኝ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ለእናንተ የምናገረውም እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ እሱን አስቀድሜ ልበል።

ጫማ ሰፊ ነኝ። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ ከአንድ ትምህርት ቤት አጥር ሥር ተቀምጬ ዕድሜዬን ጨረስኩ። ፊደል ቆጥሬአለሁ፤ ከዚያ አልገፋሁም። ያን ጊዜም ዛሬም፣ ተማሪ «ወላጅ አምጣ» ሲባል፣ ወላጁን የፈራ እንደሆነ ከመንገድ ሰው ለምኖ ይዞ ይገባል። እኔም ለስንቱ አጎት ሆኛለሁ! በዚህ አላፍርም። የሚወቅሰኝ ካለ ይውቀሰኝ።

የማፍረው በሰናይት ነው። የስምንተኛ ክፍል ልጅ ነበረች። አንድ ጠዋት መጣችና፣

«አባባ፣ ዛሬ አባቴ ይሁኑልኝ» አለችኝ።

«ምን አጥፍተሽ ነው?»

«ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይጥለኛል።»

በሩ እስክንደርስ ሁሉንም ነገረችኝ። አባት የላትም። እናቷ አልጋ ከያዘች ከርማለች፤ የምታገላብጣትም የምታጥባትም እሷው ናት። ለሰው እንዳትናገር እናቷ አስምላታለች። እንግዲህ አላወቅሁም ልል ነው? አውቄአለሁ። የማለችውም እሷ ናት፤ እኔ አልማልኩም።

መምህሩ ወጣት ነው። ስገባ ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ለእኔ፣ ለጫማ ሰፊው! እስከዚያ ቀን ማን ተነሥቶልኝ ያውቃል? ጋቢዬን አጣፍቼ ተቀመጥኩ።

«አባት፣ የጠራሁዎት ልከስሳት አይደለም» አለኝ። «ጎበዝ ልጅ ናት። ላውቃት ፈልጌ ነው። ቤት ውስጥ የሚያስቸግራት ነገር ይኖር ይሆን?»

ሰናይት ቀና ብላ አየችኝ።

እኔ ግን አባትነቱ ጣፍጦኛል። እውነተኛ አባት መምሰል አማረኝ። አባቴ እኔን ለየኔታ ሲሰጠኝ ያለውን ቃል አወጣሁት፤ «ስንፍና ነው፣ መምህር! ይግረፉልኝ። ዓይኗን ብቻ ይተዉልኝ!»

አልገረፋትም። ግን መጠየቁን ተወ። አባቷ ነኝ ያለ ሰው እንዲህ ካለ፣ ምን ብሎ ይጠይቅ?

ስንወጣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ አባባ» አለችኝ። ከስድብ ሁሉ ይህ ምስጋና አቃጥሎኛል።

ከፋሲካ በኋላ ቀረች። መምህሩ ቆይቶ እኔ ዘንድ መጣ። የሰው ጫማ ጭኔ ላይ አድርጌ አገኘኝ። «ልጅዎ የት ሄደች?» አለኝ። «አላውቅም» አልኩት። የየትኛው አባት መልስ ነው ይሄ? ቤታቸውን ፈልጌ ስደርስ ለቀው ሄደዋል።

ዘመኑ እንደዚያ ነበር፣ ሁሉም ወላጅ እንዲያ ይል ነበር፣ ትሉኝ ይሆናል። አትበሉኝ! ዘመኑ አይደለም እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠው፤ እኔ ነኝ። ይቅርታም ከእናንተ አልለምንም። እሱ የሰናይት ነው።

ዛሬም ልጆች ይመጡብኛል። ዳይሬክተሩ «እኚህን ሽማግሌ እንዳታስገባ» ብሎ ዘበኛውን አዝዟል። ይዘዝ! አስቀድሜ የልጁን ቤት ሄጄ አያለሁ፤ ከዚያ እገባለሁ። ወንበር ሲለቁልኝ ግን አልቀመጥም። ቆሜ እንዲህ እላለሁ፤ «አባቱ አይደለሁም፣ መምህር። አጥር ሥር ያለሁት ጫማ ሰፊ ነኝ። ቤቱን ግን አውቀዋለሁ። ይነሡ፣ ላሳይዎት።»