ትንፋሽ የምታስይዘው

ሰፈሩ «ሬዲዮ» ይላታል። ወሬ በጆሮዋ ገብቶ በአፏ እስኪወጣ ድረስ ሻይ እንኳ አይበርድም። ሥራዋ ሆስፒታል ውስጥ ራጅና ሲቲ ስካን ማንሳት ሲሆን፣ እዚያ ያቺው ምላሷ ከማሽኑ እኩል ትሠራለች።

የደረት ምስል ጠርቶ እንዲወጣ ታማሚው ጥቂት ትንፋሹን መያዝ አለበት። «ትንፋሽ ይያዙ» ሲባል ግን ይባስ ብሎ ሳሉ የሚነሳበት ሞልቷል። እሷ አታዝም። ወሬ ትጀምርና ጣፋጩ ቦታ ላይ ቀጥ ትላለች። ሰውየው ሳያውቀው ትንፋሹ ቀጥ ይላል።

አንድ ጠዋት የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ሽማግሌ ደም እየሳሉ መጡ። ዱሮ ታመው የዳኑት ቲቢ ሳንባቸው ላይ ባዶ ጉድጓድ ትቶባቸው ነበር። አሁን ጉድጓዱ ውስጥ አንድ ድቡልቡል ነገር ተቀምጧል። ሐኪሙ ሁለት ነገር ጠረጠረ፤ ወይ ካንሰር ነው፣ ወይ የሻጋታ ዘመድ የሆነው ፈንገስ ባዶ ቤት አግኝቶ ገብቷል። ዕጢ ከሆነ ካለበት ንቅንቅ አይልም፤ የፈንገስ ኳስ ከሆነ ግን በሆድ ሲተኙ ሊንከባለል ይችላል። ስለዚህ በጀርባም በሆድም አስተኝታ እንድታነሳቸው ነገራት።

ሽማግሌው ግን ካንሰር ነው ብለው ቆርጠዋል። የስፌት መኪናቸውን ለአማቻቸው ተናዘው አስረክበዋል። ሚስታቸው ኮታቸውን ታቅፈው ኮሪደር ላይ ተቀምጠዋል።

በጀርባ የተነሳው እንደምንም ተሳካ። በሆድ ሲሆን ሳሉ አላስቆም አላስቀምጥ አለ፤ ምስሉ ደጋግሞ ተበላሸ። ሐኪሙ ከመስታወቱ ጀርባ አንገቱን ያካል። እሷ ማይኩን ተጫነች።

«አባባ፣ ያቺ ቀሚሷ አዳራሽ መሐል የተተረተረባት ሙሽራ ትዝ ትልዎታለች?»

ቀሚሱን የሰፉት እሳቸው ናቸው። ያኔ ጥፋቱ የጨርቁ ነው ብለው ምለው ተገዝተው ነበር።

«እኔ ግን የሰማሁት ሌላ ነው። ያን ቀን ክሩን...»

ዝም አለች። ሽማግሌውም ዝም አሉ፤ ትንፋሽ የለ፣ ሳል የለ። ማሽኑ ዋጣቸው፣ መልሶም አወጣቸው።

ምስሉ እንደ መስታወት ጠርቶ ወጣ። ቅድም ወደ ጀርባ ተኝቶ የነበረው ኳስ ወደ ደረት ተንከባሏል። ሐኪሙ የደም ምርመራ ቢቀርም ነገሩ የፈንገስ መልክ እንዳለው ተናግሮ፣ ለሚስትየው ራሱ ሊያበስር ወጣ። ኮቱ በእንባ ራሰ።

ሽማግሌው ሸሚዛቸውን አዛንፈው እየቆለፉ ወደ እሷ ተጠጉ።

«አንቺ ልጅ፣ ክሩ የበሰበሰ እንደነበር ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም አባባ። አሁን እርስዎ ነገሩኝ።»

መጀመሪያ ተቆጡ፣ ከዚያ ሳል እስኪያፍናቸው ሳቁ፤ የስፌት መኪናውንም ከአማቻቸው ሊያስመልሱ ወጡ።

ሬዲዮ ማታ ሰፈር ስትገባ ሴቶቹ ከበቧት። የዚህን ጎረቤት ጠብ፣ የዚያችን አዲስ ጫማ አንድ በአንድ ዘረገፈችላቸው። የቀሚሱ ነገር ግን ከአፏ አልወጣም። ሰፈሩ እስከ ዛሬ ጨርቁን ያማል።