ሃይሚን የሚጠራት ድምፅ

ሃይሚ ጀርመን አገር፣ ጋሉስ የሚባል ሰፈር ውስጥ አብራኝ የምትኖር የማርኬቲንግ ተማሪ ናት። ፕራክቲኩም የሚሉትን የሥራ ልምምድ ካልሠራች አትመረቅም፤ ያገኘችው ደግሞ አውስትራሊያ ነው። የአገሩ ነባር ሕዝቦች ልጆቻቸውን በራሳቸው ቋንቋ የሚያስተምሩበት አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት፣ ከመኝታ ቤቷ ሳትወጣ የኢንተርኔት ገጹን እንድትይዝለት ተቀበላት።

«እኛ ሽማግሌ ለማገላበጥ በዝናብ እንሮጣለን፣ አንቺ በፒጃማ ትሠሪያለሽ» እላታለሁ። የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ነው።

ሥራዋ በአብዛኛው የአንዲት አሮጊት መምህርት ቪዲዮ ማዘጋጀት ነበር። ሴትዮዋ በስልክ ሲገናኙ «ሃይ... ሚ» ብለው ስሟን ጎትተው ይጠሩና ይስቃሉ። ሃይሚ እናቷን በልጅነቷ ያጣች ልጅ ናትና እማማ ትላቸው ጀመር።

እማማ ሞቱ። ሃይሚም እኛ እንደምናደርገው ፎቶአቸውን ከሙሉ ስማቸውና ከሻማ ጋር፣ «ነፍስ ይማር» ብላ ገጹ ላይ ለጠፈችው። እኛ ዘንድ የሚታማው ይህን ያላደረገ ነው። እነሱ ዘንድ ግን ቤተሰቡ ሐዘኑን እስኪጨርስ የሟች ስም አይጠራም፣ መልኩም አይታይም። የድርጅቱ አለቃዋ እኔ አጠገቧ ሳለሁ ደወለችላት። አለመቆጣቷ ነው ያስፈራኝ።

«አውርጂው፤ አንቺ ጋ ያለውንም ምስልና ድምፅ ሁሉ አጥፊ። እየጠራሻቸው እንዴት ይሂዱ?» አለቻት።

ሃይሚ ሁሉንም አጠፋች፤ እማማ ስሟን የሚጠሩባትን አንዲት ቅጂ ብቻ አስቀረች።

አንድ ቀን ከሰዓት ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ከክፍሏ የእማማ ድምፅ «ሃይ... ሚ» ሲል ሰማሁ። «ቀንሺው እባክሽ» ብዬ ጮኽኩ። ድምፁ ቀጠለ። በሯን ልከፍት ስል ሃይሚ ከውጭ ገባች፤ ላፕቶፑ ጀርባዋ ላይ፣ ስልኩ እጇ ላይ ነው። እጄን ከበሩ እጀታ ላይ አነሳሁ።

«ሰማሻቸው አይደል?» አለችኝ። «እኔ መስማት ከጀመርኩ ቆየሁ።»

«ታዲያ ለምን አታጠፊውም?»

«ካጠፋሁት ማን ይጠራኛል?»

ተናደድኩባትም፣ አሳዘነችኝም። ገብቼ መስኮቱን ከፈትኩት፤ መጦሪያው ውስጥ ሰው ሲሞትብን ጀርመኖቹ ነፍሱ ትውጣ ብለው እንደሚያደርጉት። ድምፁ ከአልጋው በኩል እንደገና ጠራት። ጠሪው ሳይታይ አቤት እንዳትሉ እየተባልን ያደግን ነን። ሃይሚ ግን «አቤት እማማ» አለች። «ይሂዱ፤ እኔ ደህና ነኝ።» ከዚያ ቅጂዋን አጠፋቻት፤ አልጋው ላይ ተቀምጣም አለቀሰች።

ከዚያ ወዲህ ክፍሉ ጸጥ ብሏል። ፕራክቲኩሟንም ጨርሳለች። እኔ ስጠራት ግን ቶሎ አቤት አትለኝም፤ መጀመሪያ ዞራ ታየኛለች።