አያ ስማቸው፣ ትልቁ ፊደልና የዘገየው ቁርስ

አምና ከጥምቀት በኋላ የሆነ ነው። ፍኖተ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ የጽሕፈትና የኮፒ ሱቅ አለኝ። በቀን ስንቱ ገብቶ ስንቱ ይወጣል፤ የብዙውን ሰው ፊት በማግስቱ አላስታውሰውም። እነዚህን ባልና ሚስት ግን እንኳን ልረሳቸው፣ ቁርስ በቀረበልኝ ቁጥር ትዝ ይሉኛል።

የመጡት ከማንኩሳ ነው። አያ ስማቸው ረዥም፣ ቀጠን ያሉ፣ ጋቢያቸውን ደርበው ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ ናቸው። ሚስታቸው እትዬ የዝና በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈዋል። ሕፃን መስሎኝ «ማሙሽን አመመው እንዴ?» ልል ስል ፈታ አድርገው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። አሮጌ ላፕቶፕ ነው! ባሕር ዳር ያለው ልጃቸው አዲስ ሲገዛ የላከላቸው።

«ልጄ» አሉ አያ ስማቸው፣ «ይኸ እቃ ፊደል ያተልቃል አሉኝ። እውነት ነው?»

«ያተልቃል። ምን ሊያነቡበት ነው?»

«ጸሎት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አያ ስማቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ የዕለቱን ጸሎት ከመጽሐፍ ሳያደርሱ እህል ቀምሰው አያውቁም። ድሮ ፀሐይ ሳትሞቅ ይጨርሱ ነበር። አሁን ግን ዓይናቸው መሀል ለመሀሉ ደክሟል፤ ፊት ለፊት የሚያዩት ይደበዝዝባቸዋል። ተመርምረው፣ መነጽር አይመልሰውም፣ የሚያዋጣው ፊደሉን ማተለቅ ነው ተብለዋል። መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ ሲለቅሙ ቁርሱ ምሳ ይሆናል፤ አንዳንድ ቀን ከብት እስኪገባ ድረስ ጦማቸውን ይውላሉ።

«ታዲያ በቃልዎ አይወጡትም? ይኸን ሁሉ ዘመን ደግመውት!» አልኋቸው።

«እወጣዋለሁ። ግን በቃሌ ስል ምላሴ ይሮጣል፣ ልቤ ማሳ ለማሳ ይዞራል። አባቴም ፊደሉን እያየህ ድገም ብሎኛል።» ከዚያ ወደ ሚስታቸው ዞር አሉ። «ጦሙንስ እኔ ለምጀዋለሁ። ይቺን ነው ያልቻልኋት። እኔ ሳልቀምስ አትቀምስም። በልታ የምትውል ነበር የሚመስለኝ፤ ለካ ስትጠብቀኝ ኖራለች! ባለፈው ጓዳ ወድቃ አገኘኋት።»

«ምን ወደቅሁ፣ አዞረኝ እንጂ» አሉ እትዬ የዝና። «ባሌ ጦሙን ተቀምጦ እኔ ልጎርስ? የት አገር አይተሻል?»

ሁለት ግትሮች! እሳቸው ጸሎት ሳያደርሱ አይቀምሱ፣ እትዬ ደግሞ እሳቸው ሳይቀምሱ አይቀምሱ። እኔ ቁጡ ነኝ፣ ደንበኞቼ ሁሉ ያውቁታል። «አንዳችሁ ብትለቁ ምናለበት!» ልል አፌን ከፈትሁ። የእትዬ የዝናን የከሳ እጅ ሳይ ግን አንጀቴን በሉት። አፌን ዘግቼ ኮምፒውተሩን ከፈትሁ።

ስክሪኑ ላይ የተደረደሩት ምልክቶች ለእኔም ጉንዳን ነው የሚያክሉት። የልጁን ኮተት ሁሉ አንድ ፎልደር ውስጥ ሰበሰብሁና የጸሎቱን መጽሐፍ ጭኜ እሱን ብቻ መሀል ላይ አስቀመጥሁት። ምልክቱን የመጨረሻው ትልቅ መጠን ላይ አደረግሁት፤ የማውሱንም ቀስት እንዲሁ።

ከዚያ ወደ ፊደሉ። መጀመሪያ የስክሪኑን ሪዞሉሽን ዝቅ አደረግሁት፤ እሱ ሁሉንም ነገር በአንዴ ያተልቃል። አያ ስማቸው ጠጋ ብለው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አብጧል እንጂ አልጠራም ልጄ። ያበጠ ፊት የማን እንደሆነ ይለያል?»

እውነታቸውን ነው፤ የፊደሉ ጠርዝ ደብዝዟል። ወደነበረበት መለስሁና ጥራቱን ሳይነካ መጠኑን ብቻ የሚያሳድገውን ማስተካከያ ያዝሁ። አሁን ፊደሉ ጠራ፤ መስመሩ ግን ከስክሪኑ ወጥቶ ሄደ። ቀሪውን ለማየት ገጹን ወደ ቀኝ መግፋት ሊኖርባቸው ነው።

«ኧረ ተይ፣ የእግዜርን ቃል እንደ በሬ ወዲያና ወዲህ አልነዳም!»

ሳቄ መጣ፤ ግን ደግሞ እልህ ያዘኝ። ከመናኸሪያው የሚገባውን ሁሉ «ጠብቁ» እያልሁ፣ ጽሑፉ ስክሪኑ ጫፍ ሲደርስ ራሱ ወደሚቀጥለው መስመር እንዲወርድ አድርጌ አስተካከልሁት። የጀርባውን ነጭም ዓይናቸውን እንዳይወጋው ለስለስ አደረግሁት።

አያ ስማቸው ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ ጫማቸውን አወለቁና ቆመው ማንበብ ጀመሩ። ጣታቸውን ከምርኩዛቸው ላይ አላነሱም። ኮፒ ሊያስነሳ የመጣ አንድ ሾፌር ቆቡን አወለቀ። እትዬ የዝና ግን ዓይናቸው የባላቸው ጣት ላይ ነበር። «ሳይነካ!» አሉኝ ቀስ ብለው። «አየሽ? ፊደሉን ሳይነካው!» ከዚያ እንባቸው ወረደ። «ከልብሽ ለፋሽ፣ ተሳካልሽ፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ብለው መርቀውኝ ሄዱ። ስሸኛቸው «መብራት ቢጠፋ እንዳይቸገሩ ቻርጅ ላይ ይደር» ብዬ ነበር።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ አንድ ቀን ከሰዓት፣ እትዬ የዝና በጎረቤት ስልክ ደወሉ። «ልጄ፣ እቃው ጨልሞብናል። ከጠዋት ጀምሮ እንቢ አለ።»

«በሉ እናንተ እህል ቅመሱ፣ ነገ እመጣለሁ።»

«ምኑን እንቀምሳለን? ጸሎቱ አልደረሰማ!»

ሱቄን ዘግቼ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። መንገዱን ሙሉ ስነጫነጭ ነው የሄድሁት።

ስደርስ ላፕቶፑ የለም። ቀና ስል ግድግዳው ላይ፣ ከአሮጌው የጸሎት መጽሐፍ ጎን፣ አዲስ የቆዳ ማኅደር ተሰቅሏል። እንደምታውቁት በአገራችን የጸሎት መጽሐፍ በልብስ ተጠቅልሎ፣ ማኅደር ውስጥ ገብቶ ይሰቀላል እንጂ የትም አይጣልም። እትዬ የዝናም ለላፕቶፑ ልኩን አሰፍተውለታል! ከማኅደሩ አፍ የቻርጀሩ ሽቦ ወጥቶ ሶኬቱ ላይ ተሰክቷል። ብዳስሰው ከምድጃ እንደወጣ ዳቦ ይፋጃል።

«ሳታጠፉት ነው እንዴ የምትከቱት?» ብዬ ጮኽሁ።

«ማጥፋት?» አሉ አያ ስማቸው ግራ ገብቷቸው። «መጽሐፍ ይከደናል እንጂ ይጠፋል እንዴ ልጄ?»

ለካ ክዳኑን ይዘጉና እንደበራ በነጠላ ጠቅልለው ያሳድሩታል። ያ አሮጌ እቃ ክዳኑ ሲዘጋ አይተኛ ኖሯል። ጠዋት ሙቀቱ ሲበዛበት ጨለመ። ሲሞክሩት በርቶ ይጠፋባቸዋል፤ «ደክሞት ነው፣ ይረፍ» ብለው መልሰው ማኅደሩ ውስጥ ይከቱታል! ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም፤ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

አውጥቼ ነፋሻ ቦታ አስቀመጥሁት። ሲበርድ በራ። ያ ትልቅ ምልክት መሀል ላይ ቁጭ ብሏል፤ ፊደሉም እንዳስተካከልሁት ነው። ማጥፊያውን አሳየኋቸው። አያ ስማቸው ጫማቸውን አውልቀው ከመጀመሪያው መስመር ጀመሩ።

«ዛሬ እንኳ ቀመስ አድርገው ቢያነቡ?» አልሁ። በእጃቸው ዝም በይ አሉኝ።

እትዬ የዝና ለእኔ እንጀራ አቀረቡ። «አንቺ መንገደኛ ነሽ፣ ብዪ» አሉኝ። ርቦኛል፣ ምሳም አልበላሁ። ግን እሳቸው ግድግዳውን ተደግፈው፣ ከንፈራቸው ደርቆ፣ ዓይናቸውን ከባላቸው ላይ ሳይነቅሉ ሲጠብቁ እኔ ልጎርስ? እጄ አልዘረጋ አለኝ። መሶቡን ከደንሁና አጠገባቸው ተቀመጥሁ። እትዬ የዝና አዩኝና እጄን ያዙኝ።

አያ ስማቸው ጨርሰው ሲያማትቡ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። መሶቡን ራሳቸው ከፈቱ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ለሚስታቸው፣ ሁለተኛውን ለእኔ። እንደዚያ የጣፈጠኝ እህል የለም።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሱቄን ስከፍት ስልኬ ይጠራል። እትዬ የዝና ናቸው፤ የራሳቸው ስልክ ገዝተዋል። ደህና አደርሽም አይሉም። «በልተናል» ይሉኝና ይዘጉታል።

እኔም ያ ስልክ ሳይጠራ ቁርስ አልቀምስም። ይኸው ግትሮቹ ሦስት ሆነናል።